ታላቅ ወንድማችንና የኩሬው ትንንሾች

ታላቅ ወንድማችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የስንቱን ቤት አራስ ያቀፉት እናታችን የራሳቸውን በኩር ሲያዩ «ውይ፣ እፍኝ እንኳ አይሞላም!» ብለው ሳቁ ይባላል። እኔ ታናሽ እህታቸው ገና በአሥር ዓመቴ በቁመት አለፍኳቸው። ቁልቁል ሳያቸው «ታላቅሽ ነኝ፤ ቀና ብለሽ እይኝ!» ይሉኝ ነበር።

ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው በአንድ የምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። ሥራቸው ኩሬ ላይ የሚበሩትን የውኃ ተርቦች፣ ደንዳኖቹንም ቀጫጭኖቹንም፣ በመረብ መያዝ፣ ቁመታቸውን መለካት፣ ክንፋቸው ላይ በቀለም ቁጥር ጽፎ መልቀቅ ነበር። በማግስቱ የተገኘው፣ መዝገብ ላይ «ታየ» ተብሎ ይጻፋል፤ ያልተገኘው «አልታየም»። «ሞተ» ብለው ጽፈው አያውቁም፤ «ሳላይ በምን አውቄ?» ይሉ ነበር።

ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ትንሽ ሆኖ የተፈጠረ ዕድሜና ትዳር ያገኛል ወይ? ለማን እንደሚጠይቁ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ አባታችን በሰፉላቸው ሙሉ ልብስ የተመራማሪዎች ጉባኤ መድረክ ላይ ወጥተው፣ በዕድሜም በትዳርም ትንንሾቹ እንደሚበልጡ አበሰሩ። ያን ሰሞን እግራቸው መሬት አልነካም።

ታዲያ አዲስ የተቀጠሩት መለሎ ሴት የጣቢያው ባልደረባ መረቡን አገላብጠው አዩና «እርስዎ እኮ የያዙት እጅዎ የደረሰበትን ብቻ ነው» አሏቸው። እውነትም ትልልቆቹ የኩሬውን መሐል ይዘው ኖሯል። ወንድማችን አንድ ሳምንት ምግብ አልበላ አላቸው። ከዚያ እዚያው መድረክ ላይ ተመልሰው «ተሳስቻለሁ፤ የለካሁት የራሴን ክንድ ነበር» አሉ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በወንድሜ ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው፣ ወንድማችን ዳር ዳሩን፣ ባልደረባቸው መሐሉን ያዙ። ትልልቆቹ ጥሩውን ቦታ ይዘው ብዙ እንደሚዋለዱ መዘገቡ። በደመናማ ጠዋት ግን የትልልቆቹ ሰውነት እስኪሞቅ ድረስ ትንንሾቹ ቀድመው ሞቀው ይበራሉ፤ የትዳር ጓደኛም ያገኛሉ። ወንድማችን ይህን ካወቁ በኋላ ጊዜ አላጠፉም፤ አንድ ደመናማ ጠዋት መርጠው ባልደረባቸውን ለጋብቻ ጠየቁ። በ1972 ዓ.ም. ተጋቡ። የሠርጉ ፎቶ ላይ ወንድማችን ሣጥን ላይ ቆመዋል፤ ሣጥኑ ከፎቶው ተቆርጦ ይውጣ ቢባሉም እንቢ አሉ።

ሦስት ልጆች አፈሩ፤ ሦስቱም በቁመት እናታቸውን ወጡ። ቁርስ ላይ ባልና ሚስት በአንድ ደብተር እየተቀባበሉ እሳቸው «ታየች»፣ ባለቤታቸው «ታየ» ብለው ይጽፉ ነበር። አርባ አራት ዓመት ሙሉ፣ በተኳረፉበት ቀን እንኳ ሳይዘሉ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰማዩ በደመነበት ጠዋት፣ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። በማግስቱ ቁርስ ላይ ባለቤታቸው ደብተሩን ገልጠው «አልታየም» ብለው ጻፉ። ሌላ ቃል አልጻፉም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጉ ስፍራ ይቀበልልን፤ እዚያ ያሉትም ቀና ብለው ይዩልን።