«ካልሄድክ ውረድ» ለተባሉት ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ ጋቻንጃ፣
የንጉሩማ ማታቱ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ናይሮቢ

እርስዎን ነው። ወደ ኋላ አይዙሩ፤ ከጀርባዎ ሌላ ሊቀመንበር የለም። ይህ ደብዳቤ መኪና ተራው ላይ፣ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው አላፊ አግዳሚው እንዲያነብልዎት ነው። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ማክሰኞ ዕለት ከመኪናው የወረዱት በጥድፊያ ስለነበር፣ አንድ ነገር ሆነው እንዳይሆን ብሎ ተራው ሁሉ ሲጨነቅ ሰንብቷል።

እኔ ሙቴዉ ንዚዮካ ነኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ «ካዮሌ፣ ካዮሌ» እያልኩ ወደዚያ ሰፈር ለሚሄዱት ማታቱ ሚኒባሶቻችሁ ተሳፋሪ ስጠራ ነው ያረጀሁት። ሊቀመንበሩን በሰው ፊት ሰድበሻልና ታግደሻል የሚለው ወረቀትዎ ደርሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከማኅበሩ በስሜ የተጻፈልኝ የመጀመሪያው ወረቀት ስለሆነ ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ወደ ክሱ ከመግባቴ በፊት ግን የምፈልገውን ልንገርዎ፤ ወያላዋን ኬሩቦን ወደ በሯ ይመልሱልኝ። ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማሽኑ ላመስግንዎት። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ነገር መኪኖቻችን ጣሪያ ላይ ያስገጠሙ ዕለት፣ ከሠላሳ ዓመት በታች ያሉትን ወያሎች በሙሉ አሰናበቱ። ኬሩቦ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በሩ ላይ ተንጠልጥላ የመኪናውን ጎን ሁለቴ ከመታች ሾፌሩ ይነሳል፣ አንዴ ከመታች ይቆማል፤ ማንም ሰው ከእሷ መኪና ያለ ቦታው ወርዶ አያውቅም። ያመጡት ባለሙያ እንዳስረዳን፣ የጀማሪን ሥራ ማሽኑ ይሠራዋል፤ እኛ ትልልቆቹ ግን ልምድ ስላለን እንቆያለን። ልምዱ ከየት ይመጣል ብዬ ብጠይቀው፣ ከጀማሪነት ጀምሮ በመሥራት ነው አለኝ። ታዲያ ጀማሪ ከሌለ እኛ ስንደክም ማን ይተካናል ስለው፣ እሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል ብሎ ማንዳዚ ብስኩቱን መብላት ቀጠለ። ስብሰባውን እየጠበቅን ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ድምፄ። ማሽኑ ተሳፋሪ የሚጠራበት ድምፅ ቢያጣ እኔን ቁም ሳጥን በምታክል ክፍል ዘግታችሁ ልመናዬን፣ ሽንገላዬን፣ ቁጣዬን ሁሉ አስጮኻችሁ ቀድታችሁ ወሰዳችሁ። አሁን እኔ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ በሁሉም መኪና ላይ እጮኻለሁ። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ስጠራው የማይሰማ ሰው፣ መንገድ ላይ ከጣሪያ ስጠራው ደንግጦ እየተሳፈረ ስንት ጊዜ ሳያስበው ካዮሌ ደረሰ። ለትዳሬ ላደረጉት አስተዋጽኦ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ አባባ ባራሳ። እንደሚያውቁት ባዶ መኪና ውስጥ ቀድሞ መግባት የሚፈልግ የለም፤ ስለዚህ ሰው ያለበት እንዲመስል የሚቀመጡ ወንበር አሟቂዎች አሉን። ተሳፋሪው ሲመጣ አንድ በአንድ ይወርዱና ቀጣዩን መኪና ያሟሙቃሉ። ይህን ናይሮቢ ሁሉ ያውቃል፤ ለማሽኑ ግን ማንም አልነገረውም። ወንበሩን በካሜራው አየ፣ ሞላ አለ፣ በሩን ዘጋ። ሾፌሩም አልነሳም ካለ ስለሚቀጣ ነዳው። አሟቂው አባባ ባራሳ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ስንት ዘመን ማታቱ ውስጥ ሲቀመጡ የትም ሄደው የማያውቁ ሰው፣ ያን ቀን ካዮሌን አዩ። ሠራተኛ ነኝ እንጂ ተሳፋሪ አይደለሁም ብለው ጣሪያውን ቢለምኑት፣ ጣሪያው በእኔ ድምፅ «አባባ፣ ጠጋ ይበሉ፣ ቦታ አለ» አላቸው። ጎኑን አንዴ መትቶ የሚያስቆም ሰው በሩ ላይ አልነበረማ። ወሩ ሲያልቅ ማሽኑ፣ በየቀኑ ወንበር ላይ ስላያቸው፣ እሳቸውን የማኅበሩ ታማኝ ደንበኛ ብሎ መረጣቸው፤ ፎቷቸውም የእርስዎ ቢሮ በር ላይ ተሰቅሏል።

ኬሩቦስ? እንጀራ ነውና ከእሳቸው ጎን ወንበር አሟቂ ሆናለች። በሃያ ሦስት ዓመቷ ጡረታ ወጣች ማለት ነው። አንድ ጠዋት በመስኮቱ ብቅ ብላ «እትዬ፣ እኔ እኮ መቆም እንጂ መቀመጥ አልችልበትም» አለችኝ። አባባ ባራሳ ከጎኗ ሆነው፣ አይዞሽ ልጄ፣ እኔም መጀመሪያ ላይ አቅቶኝ ነበር አሏት። ተራው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

አራተኛ፣ ስለ ስድቡ። ከአባባ ባራሳ ጉዞ በኋላ ባለሙያዎ ማሽኑን እንደገና አስተማረው፤ የሚቀመጥ፣ የማይከፍልና የማይሄድ ሰው ሲያይ ውረድ ይበል ተባለ። ማክሰኞ እርስዎ በሙሉ ልብስዎ፣ እንግዶች አስከትለው መጡ። ገቢናው ላይ ተቀመጡ። ባለቤት ነዎትና አልከፈሉም። ለፎቶ ነውና የመሄድ ሐሳብም አልነበረዎትም። ማሽኑ አየዎት፣ አሰበ፣ በእኔም ድምፅ «ወንድሜ፣ ካልሄድክ ውረድ፣ ሰው ይግባበት» አለዎት። እኔ በዚያ ሰዓት ሻይ ቤት ነበርኩ፤ አፌም በማንዳዚ ሞልቶ ነበር። ማነው እሱ ብለው ሲጮኹ ተራው በሙሉ ወደ እኔ ጠቆመ። በድምፁ ማለታቸው ነው።

ፍርድዎን አከብራለሁ፤ ግን ይግባኝና ላክብረው። የተናገርኩት እኔ ከሆንኩ፣ ይኸው ይህን ስጽፍም በመኪኖቹ ሁሉ ላይ እየጮኽኩ ነው፤ ስለዚህ አልታገድኩም። የተናገረው ማሽኑ ከሆነ ደግሞ እሱን ያግዱት፤ ያኔ በሩ ባዶ ስለሚሆን ኬሩቦ ትቁምበት። ዕድሜው ያሳዝናል እንዳይሉኝ፤ ማሽኑ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ ከሠላሳ በታች ያለውን ማሰናበት ደግሞ የራስዎ ደንብ ነው።

በድሮ ፍቅራችን አንድ ነገር ላስታውስዎት። እርስዎም በአሥራ ዘጠኝ ዓመትዎ እዚሁ በር ላይ ተንጠልጥለው ነው የጀመሩት። አንድ እግር ጫማዎ መንገድ ላይ ወድቆ፣ በካልሲ ካዮሌ ደርሰው ሲመለሱ ጫማውን ይዤ የጠበቅኩዎት እኔ ነኝ። ሁለቴ ሲመቱ ይነሳል፣ አንዴ ሲመቱ ይቆማል ብዬም አስተማርኩዎት። ያኔ ማንም «ጀማሪ ነህና ውረድ» አላለዎትም።

ጉሮሮዬን ሰጥቼ የማከብርዎ፣ ከሥራ ታግጄ በየመኪናው የምሠራ፣

ሙቴዉ ንዚዮካ
ተሳፋሪ ጠሪ

ማስታወሻ፦ ዓርብ ዕለት ተራው ላይ የታማኝ ደንበኛውን ሽልማት ለአባባ ባራሳ በእጅዎ እንደሚሰጡ ሰምተናል። ሁላችንም እንመጣለን፤ ኬሩቦም ቆማ ትጠብቅዎታለች። ማይክሮፎኑን ሲይዙ ይህችን ብቻ በራስዎ ድምፅ ይመልሱ፤ ጋቻንጃ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ዛሬ ሥራ ፍለጋ ቢመጣ፣ የቱ በር ላይ ይቆማል? በወረቀት እንዳይልኩልኝ፣ ሳሎኔ ሞልቷል። በሰው ፊት ይመልሱ። ዝም ብለው ከተቀመጡ ግን፣ ማሽኑ የሚልዎትን ያውቁታል።