በደራሲው መልካም ፈቃድ

ሰበታ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍቅረሥላሴ፣ ከዚህ ቤት ከወጣህ ሦስት ዓመት ቢያልፍም ዛሬም ባሌ ለምልህ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የሱሉልታ ብርድ ለወገብህ አይሆንም ብዬህ ነበር፤ እንዴት አድርጎህ ይሆን? እኔ ደህና ነኝ ብልህ ውሸት ይሆናል። ዛሬ የተቀመጥኩት ደግሞ ከውሸት ጋር ልለያይ ነው።

ደብዳቤውን የምትጽፍልኝ ጣቢታ ናት፣ አብራኝ የምታስተምረው። ስልክ ደወልኩ፣ ዘጋህብኝ። በብሬል እንዳልጽፍልህ ሃያ ሁለት ዓመት ከዓይነ ስውር ጋር ኖረህ ከስሜ በቀር አንድ ቃል ማንበብ አልተማርክም። ስለዚህ የልቤን ሁሉ በሰው እጅ ነው የምጽፈው፤ ቻለው፣ እኔም ችዬዋለሁ።

ጊዜ የለኝምና ወደ ጉዳዩ ልግባ። «የጆሮ ቤት» የሚባለውን የኢንተርኔት ቻናል ከሰሃል። መጽሐፌን ያለ ፈቃዴ አንብበው ለቀቁት ብለህ ለሦስት ምዕራፍ ሦስት አቤቱታ አስገብተሃል። ሦስቱ ቅጂዎች ወዲያው ተዘጉ። ሦስት ጥፋት የተመዘገበበት ቻናል በሰባት ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ሰባተኛው ቀን የፊታችን ሰኞ ነው። ማስጠንቀቂያው የመጣው በእኔ ስልክ ነው። ያቺ ስልኬ ውስጥ ያለችው ሴትዮ እየሰባበረች ስታነብልኝ ቆይታ መጨረሻ ላይ የከሳሹን ስም ጠራች። ሦስት ጊዜ ደግሜ አስነበብኳት።

ፍቅረሥላሴ፣ ያነበበችው ቢታንያ ናት። የጆሮ ቤት የልጃችን ነው።

ሳትሰማው እንደከሰስክ አውቃለሁ። ድምፅዋን ብትሰማ ኖሮ ይህን አታደርግም ነበር። ጠበቃህ «መጽሐፍህን እያነበቡ የሚነግዱ አሉ» ብሎ ወረቀት ላከልህ፣ አንተም ፈረምክ። ቢታንያ ከቡራዩ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ትገባና ልብሱ ድምፅ እንዲውጥላት በሩን ዘግታ ታነብ ነበር። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎቼ ነው፤ አንድ መጽሐፍ በብሬል እስኪደርሳቸው ክፍል ያልፋሉ። ስልሳ ሁለት ቅጂ ለቀቀች። ስልኳን ቡራዩ ታክሲ ተራ ሰርቀዋት ዋናዎቹ ቅጂዎች አብረው ሄዱ። ካረፈች ዓመት ከአምስት ወር ሆናት፤ ድምፅዋ ያለው እዚያ ቻናል ላይ ብቻ ነው።

በደራሲ መብት ላይ ከአንተ ጋር ክርክር የለኝም። መጽሐፍህ በወጣ በወሩ ሜክሲኮ ጋ ፎቶ ኮፒው ሸራ ላይ ተዘርግቶ ሲሸጥ ክንድህን ይዤ አጠገብህ ነበርኩ። ሻጩ ለራስህ ለደራሲው «ቅናሽ አደርግልሃለሁ ጋሼ» ሲልህ ሰምቻለሁ። ያንን ክሰስ፤ እኔም መጥቼ እመሰክራለሁ። ግን በዓይኑ ማንበብ የማይችል ሰው የቱን ገበያህን ይወስድብሃል? በብሬል አላሳተምክ፣ በድምፅ አልሸጥክ። ሕጉም ለእኛ የተወው መንገድ እንዳለ ሕግ የተማሩ ጓደኞቼ ነግረውኛል። አቤቱታህን የተቀበለው ያ የኢንተርኔት ማሽን ግን ይህን አይጠይቅም። ከሳሹን ወዲያው ያምናል፤ ተከሳሹ ማስረጃ ፍለጋ ሲንከራተት ቀኑ ያልፍበታል። እንዲህ ያለ ዳኛ ወረዳችን ላይ ቢሾም መጀመሪያ ጽፈህ የምታወግዘው አንተ ነበርክ።

አፍ መዝጋት ምን እንደሆነ ደግሞ ለአንተ አይነገርህም። ፌስቡክ ላይ በጻፍከው አንድ ገጽ ከሥራ ታግደህ ስትታሰር ምሳህን ይዤ ጣቢያው በር ላይ እቆም ነበር፤ አንድ ቀን አላፈርኩብህም። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር «ይኸው ደግሞ ለጎሙን!» እያልክ የምትጮኸው አንተ ነበርክ። ዛሬ የተለጎመችው ልጅህ ናት። የለጎምካት አንተ ነህ።

አልቆጣም ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ይኸው ተቆጣሁ።

ጌዲ የሚባል የኮምፒውተር መምህር አለን። የቀሩትን ሳይጠፉ ለማውረድ አራት ቀን ለፋ። ኔትወርኩን ታውቀዋለህ፤ አሥራ አንዱን አተረፈ። ያንተን ሦስቱን ግን ከሳሹ ካላነሳ ማንም አይከፍታቸውም። ትናንት ጌዲ መጥቶ «ኧረ ቲቸር ቀላል ነው! ቢቲ መግቢያው ላይ በደራሲው ፈቃድ ብላ የለ? ወረቀቱን ስጪኝና አሁኑኑ መልስ እንላክ» አለኝ። ወረቀት የለማ። ፈቃድም የለም።

አሁን የምነግርህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

መጽሐፍህ ታትሞ የመጣ ቀን «እኔ ራሴ አነብልሻለሁ» አልከኝ። መግቢያውን አነበብክልኝ፣ የቀረውን ዛሬ ነገ ስትል ተጣላን፤ በማን ጥፋት እንደሆነ ዛሬ አላነሳም። ባሌ የጻፈውን ሰው ሁሉ አንብቦት እኔ ብቻ ሳላውቀው ቀረሁ። ቢታንያ ኩላሊቷን ታማ ከሥራ ስትቀር «እኔ አነብልሻለሁ፣ ተማሪዎችሽም ይስሙት። ግን አባዬን ፈቃድ ጠይቂው» አለችኝ።

«አንቺው ጠይቂው፤ እኔ እሱ ጋ አልደውልም።»

«አይሆንም። አንቺ ነሽ የምትጠይቂው።»

ምን ፈልጋ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ልታስታርቀን ነው። ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ውኃ ታንከሩ ጋ ቆሜ የተዘጋ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ብቻዬን አወራሁ፤ በመስኮት እያየችኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ተመለስኩና «እሺ ብሏል» አልኳት።

«ሌላስ? ሌላስ ምን አለ?»

«በርቺ ልጄ ብሏል።»

ሳቀች፣ ፍቅረሥላሴ። ከታመመች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር። እንዴት ብዬ ላፍርሰው? በማግስቱ ማንበብ ጀመረች።

ጣቢታ እዚህ ላይ እጇ ቆሞ ነበር። ጻፊ አልኳት።

ለቅሶው ላይ «እንዲህ መታመሟን ለምን አልነገርሽኝም?» አልከኝ፤ አልመለስኩልህም። እሷ «ድኜ ሱሉልታ ድረስ ሄጄ አስደነግጠዋለሁ» ትል ነበር፤ እኔም ትድናለች እያልኩ በእሷ ቃል ተሸሸግኩ። ኩራቴ ነው። ከዚህ ሌላ መልስ የለኝም። ልጅህን ሳታያት አስቀረሁህ፤ ይህን እያሰብኩ ነው የምውለው።

ክሱ ላይ «ደራሲው ፈቅዷል ብለው በሐሰት ተናግረዋል» ብለሃል። እውነትህን ነው፤ ሐሰት ነው። ግን የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። እሷ አባቷ በርቺ እንዳላት አምና ነው የሞተችው። እኔን ክሰሰኝ፣ ጠበቃህን ላክብኝ፣ የምትፈልገው ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። እሷን ግን ሌባ ተብላ አታስጠፋት፤ እግርህ ላይ ወድቄ እለምንሃለሁ።

የሚያስፈልገው «አቤቱታዬን አንስቻለሁ» ብለህ በላክበት መንገድ አንድ መስመር መላክ ብቻ ነው፤ ሰኞ ሳይደርስ። ይህን ወረቀት ጎረቤታችን ኦቦ ጃዕፈር ይዞልህ ይመጣል፤ ነገ ጫንጮ ጭነት አለው። «ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም፣ በእጁ ነው የምሰጠው» ብሎኛል። አንብበህ እስክትጨርስ አይሄድም፤ ስልኩንም ያበድርሃል።

ሦስቱ ሲከፈቱ ተቀምጠህ ስማቸው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ትንሿ ልጅ አባቷን ስትቆጣ የጻፍከው ቦታ ስትደርስ ሳቋ ያመልጣታል፤ ልጅቷ ራሷ እንደሆነች አውቃለች። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ዝም ትላለች፣ እንደገና ትቀጥላለች። አራተኛው ላይ አልደረሰችም። መጨረሻው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያውን ክፈት። የመጽሐፍህን ርዕስ ትጠራና «በደራሲው መልካም ፈቃድ የቀረበ» ትላለች። እንዴት ኮርታ እንደምትለው ስማት። ሐሰት ነው ያልከው እሱን ነው። እውነት አድርግላት።

እግዚአብሔር ዓይንህንም ጆሮህንም ይጠብቅልህ።

የወይንሐረግ

ከዚህ በታች ስሜን በብሬል የወጋሁት በራሴ እጅ ነው። ጣትህን አሳርፍበት፤ ይህቺን እንኳ ማንበብ ታውቃለህ።