የተጫዋቾችን ፋይል ላጸዱልን ኃላፊ

ለተከበሩ የፕሮግራም ክፍል ኃላፊያችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የሆድዎን፤ እርስዎ ያለ ችግር የዋጡት ነገር እኔን እስከ ዛሬ እያቅለሸለሸኝ ነውና። በአደባባይ የምጽፍልዎ በውስጥ የላክሁልዎትን ለማንበብ ጊዜ እንዳጡ ስለምረዳ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጽዳትዎ አመሰግናለሁ። በመኪና እሽቅድምድም ጌማችን ውስጥ ተጫዋቾች መኪናቸውን እንደ ፍላጎታቸው ያበጁበትን ፋይል የሚያስገባው ኮድ ተበታትኖ፣ የመኪናው ቀለም በአንድ በኩል፣ የኪቦርዱ መንጃ ቁልፎች ሴቲንግ በሌላ በኩል ይነበብ እንደነበር አልክድም። ወደ አንድ ሰብስቡት ማለትዎ ትክክል ነበር። እኔና አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ሰብስበን ልንጨርስ ስንል ግን ከኋላችን ቆሙና፣ ጌሙ ከመታደሱ በፊት የተሠሩ የቆዩ ፋይሎችን የሚያነበውን ክፍል በጣትዎ እየጠቆሙ፣ «ይሄን ቆሻሻ አውጡልኝ፤ ማን የድሮ ፋይል ይዞ ይመጣል?» አሉ። ባልደረባዬ አዲሱ ኮድ ማንበብ ያቃተውን ፋይል እንደ ባዶ ቆጥሮ በላዩ ላይ እንደሚጽፍበት አስረድቶ፣ ቢያንስ ቅጂ እናስቀምጥ ብሎ ለመነዎ። «አታካብድ» ብለውት ሄዱ፤ እኛም እንደ ትእዛዝዎ አወጣነው።

ሁለተኛ፣ ስለ እንግዳ አቀባበልዎ። ጌሙ በታደሰ ሰሞን አንድ አናጢ ከባለቤቱ ጋር ቢሮአችን ድረስ መጣ። ቀኝ እጁን መጋዝ ወስዶበታል። ጌማችን ለአንድ እጅ የሚሆን ምርጫ ስለሌለው፣ ቁልፎቹን ሁሉ ለግራ እጁ ያበጀበትን ፋይል እያስገባ፣ ሌላ ከተማ ካለው ወንድሙ ጋር ይወዳደር ነበር። ወራት የለፋበትን ያን ፋይል አዲሱ ኮድ አጥፍቶበታል። ባለቤቱ «ከአደጋው ወዲህ ሰው ማናገር ትቷል፤ ሲስቅ የምሰማው ከወንድሙ ጋር ሲጫወት ብቻ ነበር» አለችን። እርስዎ ደረጃው ላይ ቆመው ስልክዎን እየነካኩ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «የጠፋው ጌጥ ነው፤ በአንድ አፍታ ራስዎ መልሰው ያስተካክሉታል» አሉት። አናጢው ባዶውን እጅጌ ወደ ኪሱ ከተተና ሚስቱን «እንሂድ» አላት።

የሚቀጥለውን ቁጥር ለመስጠት እንኳ ያስጠላኛል። ቅሬታው ሲበዛ ስብሰባ ጠርተው፣ ኮዱ የቀለለው በእርስዎ አመራር እንደሆነ፣ ፋይሎቹ የጠፉት ግን በባልደረባዬ ግዴለሽነት እንደሆነ ለአለቆችዎ አስረዱ። ተባረረ። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ በሩን ከፍተው ስለያዙለት፣ ለትሕትናዎ እጅ እነሳለሁ።

እኔም ባልደረባዬ የጻፈውን የቆዩ ፋይሎች ማንበቢያ ወደ ቦታው መለስሁ፤ ጌሙ ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት ቅጂ እንዲያስቀምጥም አደረግሁ። እንደ ዕድል ሆኖ አናጢው ቀድሞ ለወንድሙ የላከው የፋይሉ ቅጂ ወንድምየው ዘንድ ተገኘ። አናጢው ደወለልኝና፣ «እህቴ፣ ዛሬ ወንድሜን ጥዬው ሄድኩ!» አለኝ፤ ከኋላው ሚስቱ ትስቃለች። እርስዎ ደግሞ ያለ ፈቃድ ሠርተሻል ብለው ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ። በክብር ተቀብዬ ከሥራ መልቀቂያዬ ጋር አያይዤ መልሼልዎታለሁ።

ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት ሁሉ፣ የቀረ ካለ ፈልጌ፣ በማቅረብ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ ፕሮግራመርዎ

ማስታወሻ፦ ለማንም እንዳልናገር አደራ ብለው በግል የላኩልኝ የልጅዎ ፋይል ተስተካክሏል፤ ሮዝ መኪናዋ ከነኮከቦቿ ተመልሳላታለች። ምስጋናውን ኮዱን ለጻፈው ለባልደረባዬ ያድርሱልኝ፤ ስልኩን አልቀየረም።