ሾላ ላይ የወጣው እንድሪስ

ጥቅምት 4 ቀን 1975
ውሃ አልመጣም። ጉልበቴም እንደ ልማዱ... ልጄ ወርቅዬ፣ መሠረተ ትምህርት የተማርኩት እንዳይጠፋኝ ብላ ይሄን ደብተር ሰጠችኝ። «እማዬ፣ ያየሽውን ጻፊ።» ያየሁትማ ውሻ ነው! ገርጂ ከሰው ውሻ ይበዛል። ቀበሌው ውሻ የሚይዙና ከብት ከመንገድ የሚያነሱ ሰዎችን ሊያሠለጥን ነው አሉ። ወር ሙሉ፣ በደብተር፣ በፈተና! እስከ ዛሬ ይሄን ሥራ ብቻውን የሚሠራው ጎረቤቴ እንድሪስ ነው። ማን አስተማረው? ማንም። ደስታው ግን... «እማማ የሺአረግ፣ ከሠለጠንኩ እኮ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ!»

ጥቅምት 9
ስብሰባ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ትምህርቱን የሚያዘጋጀው የከብት ሐኪም፣ ዶክተር ካሳዬ፣ ጥግ ይዞ ይጽፋል። ሊቀመንበሩ ጓድ ሀብቶም የሠልጣኞቹን ስም እየጠራ፣ «በዚህ ጓድ ላይ ሂስ ያለው?» ይላል። ስም ይጠራል፣ ያልፋል። እንቅልፌ መጣ። እንድሪስ ሲባል እጄን አወጣሁ። ምን ነካኝ? ሰው ላስቅ ብዬ...
«እኔ አለኝ! ይሄ ጓድ የባለ ወፍጮውን የዱባለን ውሻ አይቶ ሾላ ላይ ወጣና ግማሽ ቀን እንደ ጉሬዛ ተቀመጠ!»
አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቅ ካየሁ እኔ መቼ አቆማለሁ? ውሻው ሾላውን ሲዞር ሲዞር ደክሞት ሲተኛ፣ እንድሪስ ቀስ ብሎ ወርዶ ጆንያ እንደጣለበት ሁሉ በእጄም በእግሬም አሳየሁ። ዶክተሩ ይጽፋል። የቀበሌው ጸሐፊም ትጽፋለች። እንድሪስም ሳቀ። ትንሽ።

ጥቅምት 10
ቀልዴ ቃለ ጉባኤ ላይ ገባ! «ውሻ ይፈራል» ተብሎ እንድሪስ ተሰረዘ። ሮጥኩ ጓድ ሀብቶም ዘንድ።
«ልጄ፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነው!»
«እማማ፣ ሂስ ላይ አይቀለድም። የተጻፈ ተጽፏል።»

ጥቅምት 12
እንድሪስ በደጄ አለፈ። «እንደምን አደሩ፣ እማማ» አለኝ፣ እንደ ድሮው። ምነው በሰደበኝ።
ያ የዱባለ ውሻ ያበደ ነበር። የልጅ ልጄ ጥሩነሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አገኛት። እንድሪስ ነው ድንጋይ ወርውሮ ወደ ራሱ የሳበው። ያን ጊዜ ነው ሾላው ላይ የወጣው። ይሄን ለምን አልተናገርኩም?
አያስቅማ።

ኅዳር 15
እንድሪስ ሥራ አጥቶ ቡልቡላ የሽንኩርት ማሳ ሊጠብቅ ሄደ። በሩ ላይ ቁልፍ።

ኅዳር 23
የሠልጣኞቹ መጽሐፍ ወጣ። አንዱን ለምኜ አመጣሁ። ትምህርት ስድስት፦ «ኃይለኛ ውሻ ሲመጣብህ ከፍ ያለ ቦታ ውጣ። አድክመው። ሲተኛ ጆንያ ጣልበት።» ጣቴን ስር ስሩ እያስኬድኩ ሦስቴ አነበብኩት። የእንድሪስ ሾላ! ስሙ የለም። ለሌላው ትምህርት ሆነ፣ ለሱ ጥፋት። ሁለቱም ካንድ አፍ ወጣ... ከኔ አፍ።

ኅዳር 27
ስብሰባ። «ግለ ሂስ አለኝ» ብዬ ተነሳሁ። ሰው ገና ሳልጀምር ፈገግ አለ። ጥሩነሽን ማን እንዳዳናት ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ጓድ ሀብቶም አቀርቅሮ፣ «ለሁለተኛው ዙር እናየዋለን።» መቼ ነው ሁለተኛው ዙር? አልነገረኝም።

ታኅሣሥ 2
ቡልቡላ ሄድኩ። አውቶቡሱ ካደረሰኝ በኋላ በእግሬ፣ በዚህ ጉልበት። እንድሪስ ማሳው ዳር ቁጭ ብሏል። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አልኩት። መሬት መሬቱን አየ። እሱ ፊደል ስላልቆጠረ፣ መጽሐፉን አውጥቼ ትምህርት ስድስትን አነበብኩለት።
«ጆንያው ውሃ ይነከራል አይልም?»
«አይልም።»
«ደረቅ ጆንያ ቀላል ነው፣ እማማ። ውሻው ወርውሮት ይነሳል። ሰው ይነከሳል እኮ!»
እርሳሴን አወጣሁ። ዳሩ ላይ ጻፍኩ፦ ጆንያው እርጥብ ይሁን፣ ያለው እንድሪስ ነው። ነገ ለዶክተሩ እወስደዋለሁ።
«ትመለሳለህ?» አልኩት።
«ሽንኩርቱ ይድረስና...» አለ።
ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አንዷ ጎኔ ተቀምጣ ወሬ ጀመረችኝ። ቀልድ ምላሴ ጫፍ ደረሰ፤ ዋጥኩትና እስከ ገርጂ ሰማኋት።