ስለ ተቸነከሩት መስኮቶቻችንና ስለማይለቀን ጉንፋን

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ የእኛን ጤና ግን እንዳይጠይቁኝ በትሕትና እለምናለሁ። በአንድ እጄ አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ በሌላው የምጽፍልዎ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ነኝ።

አንደኛ፣ ጉንፋን የሚያመጣው ንፋስ መሆኑን ደርሰውበት መስኮቶቻችንን በሚስማር ስላስመቱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሐኪሞች ቫይረሱ ከሚያስል ሰው ወጥቶ በታፈነ ክፍል ውስጥ ይንሳፈፋል ቢሉም፣ እነሱ የእርስዎን ያህል የሥራ ልምድ የላቸውም። አሁን ንፋስ የሚባል ነገር አይገባም፤ የጸሐፊያችን ሳል ግን የትም ሳይባክን ለሁላችን በእኩልነት ይዳረሳል።

ሁለተኛ፣ የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ታሞ ለታየ ብቻ ነው ባሉት መሠረት፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠኝ አምስቱ የክፍል ኃላፊዎች ፊት ቀረብኩ። ጉሮሮዬን ተራ በተራ ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ ደህና ነህ ብለው ወደ ሥራዬ መለሱኝ። በሳምንቱ አምስቱም አልጋ ያዙ። ያቀረብኩት ማስረጃ በቂ እንደነበረ ያኔ የገባቸው ይመስለኛል።

ሦስተኛው ጉዳይ ከመሳቢያዎ አውጥተው ያደሉን የጸረ ባክቴሪያ እንክብል ነው። ነርሷ እህቴ ይህ መድኃኒት ቫይረስን ንክች እንደማያደርግ ብትነግረኝም፣ አለቃ የሰጠው አይመለስም ብዬ ዋጥኩት። ጉንፋኑ እንዳለ ሆኖ ሆዴ ተበላሸ፤ በሳሌ ላይ ሩጫ ተጨመረልኝ።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ባለቤቴ አራስ ናት። የመጀመሪያ ልጄን እስከ ዛሬ አቅፌያት አላውቅም፤ አፌን ሸፍኜ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። ያቺ ትንሽ ሳንባ የእኛን መዝገብ ቤት እንደማትችል ስለማውቅ እፈራለሁ፣ በእውነት እፈራለሁ። የምለምንዎ መስኮቱን እንዲከፍቱልን፣ የታመመውንም ቤቱ እንዲተዉልን ብቻ ነው።

የሳላችን ሁሉ መነሻ ለሆኑት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እጅ ልነሳ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የሚያስነጥሰኝ፣

ታዛዥዎ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስል፣ ጉንፋን ይዞዎ ከቤት እንዳልወጡ ሹፌርዎ ነገረን። እግዜር ይማርዎ። መመሪያው የራስዎ ነውና ነገ ጠዋት ታመው እንዲታዩ፣ ያገገሙት ኃላፊዎች ይጠብቁዎታል። እርስዎ በሌሉበት ሚስማሩን ነቅለን መስኮቶቹን ከፍተናል፤ ሲመጡ ግን ብርድ እንዳይመታዎ መልሰን እንቸነክርልዎታለን።