አባባን የጠቀስኩበት ድርሰት

ሰኞ

ምን ነክቶኝ ነው? ድርሰቱን አስረክቤ የቀጨኔን ዳገት ስወጣ ነው ያባነነኝ። የአማርኛ አስተማሪያችን መምህር ጌታሁን ሳምንቱን ሙሉ የነገሩን ይህንኑ ነው፦ ጥቅስ ለጌጥ አይገባም፣ ሐሳባችሁን ይደግፍ፣ የማን ቃል እንደሆነም ከገጹ ግርጌ ጻፉ። እኔ ደግሞ ታዛዥ! ርእሱ «የጋራ ሥራ ጥቅም» ነው። ሥራ ከወሬ ይበልጣል ለማለት፣ አባባ እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ ርቦት ሲገባ የተናገረውን አስገባሁ። «በስብሰባ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ጠግበን ነበር።» ግርጌው ላይ አሳምሬ፦ አቶ ወልዴ በየነ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቀጨኔ። የቤት ቁጥሩ ብቻ ነው የቀረኝ።

ማክሰኞ

ባሰ። የተመረጡ ድርሰቶች ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ይነበባሉ ተባለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንድመረጥ እሳል ነበር። ዛሬ ለመድኃኔ ዓለም ጧፍ የተሳልኩት ዜሮ እንዳገኝ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ የተወሰዱት ስለ ቀበሌው በቀለዱት አንድ ቀልድ ነው፤ ሚስታቸው እስከ ዛሬ እስር ቤት ስንቅ ያመላልሳሉ።

አባባ ማታ የሹራቤን ክርን እላዬ ላይ እንዳለ ጣፈልኝ። «ድርሰቱስ?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩ። እንባዬ ሲመጣ መርፌው ወጋኝ ብዬ አመካኘሁ፤ ደንግጦ እጄን ያሻሸው ጀመር። አፈርኩ።

ረቡዕ

ሁሉም እስኪወጣ ጠብቄ፣ «ቲቸር፣ ድርሰቴን ይመልሱልኝ፣ ጥቅሱን ላስተካክል» አልኳቸው። መምህር ጌታሁን ቀና ብለው አዩኝ። «የተረከብኩትን አልመልስም» አሉና ቦርሳቸውን ዘጉ። አንብበውታል ማለት ነው። ለማን ሊያሳዩት ይሆን? ሰውዬው ጨካኝ ናቸው።

ለአባባ ልንገረው? አጠገቡ ደርሼ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ፣ በቃ።

ዓርብ

አልተመረጥኩም! ድርሰቴ ተመለሰልኝ። ጥቅሱ አለ። የአባባ ስም የነበረበት የገጹ ግርጌ ግን በምላጭ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። ከጎኑ በቀይ፦ «የጥቅሱ ባለቤት አልተጠቀሰም። አምስት ማርክ ተቀንሷል።» ቀና ስል መምህር ጌታሁን ሰሌዳ ያጠፋሉ። ለእኔ ብለው በገዛ እጃቸው ዋሹ፤ እኔ ሰውዬውን ስረግማቸው ነው የሰነበትኩት።

ወረቀቱን ሳልደብቀው አባባ አገኘው። የራሱን ቃል ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ። ቀዩን ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ ግንባሬን ሳመኝ።

«ማርክሽን ከሰርሽ እንጂ ስሜን አልጠራሽም። ጎበዝ ልጄ!»

ይኼኔ መናገር ነበረብኝ። እሱ ግን አውራ ጣቱን በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ። ልብስ ሰፊ ነው፤ የተቆረጠ ነገር አይጠፋውም። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተተው። እኔም እሳቱን እፍ አልኩለት።