ግላስ ለብሳ ዳገት ላይ ስለታፈነችው ሞተር

ለክቡር አቶ እንየው
የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣ ስመ ጥር ፈረሰኛ፣ ሳይማሩም የሞተር ሐኪም ለሆኑት

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎና ከነወንበርዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የመስክ ባለሙያዎ ሞተር እየገፋሁ ዳገት በመውጣት ከመክሳቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለእርስዎም ጤናውን ያብዛልዎ፤ አንድ ሳምንት ታመው ቢተኙ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ሊቃና ይችላልና፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ ለውጥ ገና አልተዘጋጀንም። በአደባባይ መጻፌን አይቀየሙኝ። ቢሮዎ ገብቼ በቃል ያመለከትኩትን ሁሉ በፈገግታ ሸኝተውታል።

አንደኛ፣ በጥር ወር እንጅባራ ላይ የፈረሰኞቹ በዓል ሲከበር፣ ወደ ታመሙ ከብቶች የምሄድባትን ትንሿን ስኩተር ከፈረሶቹ ጎን ትሰለፍ ብለው ግላስ ስላለበሷት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዘርፉ የሚወዛወዘው ያ ቀይ ጥልፍ ጨርቅ ከወንበሯ ጀምሮ ሁለት ጎኗን ሸፍኖ ሲታይ ሕዝቡ አጨብጭቧል፤ እርስዎም አጠገቧ ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል። የአገራችን ፈረስ እንኳ በዓሉ ሲያልፍ ግላሱ ተገፎለት ሣሩን ይግጣል። የእኛ ሞተር ግን የጽሕፈት ቤቱ ክብር ናት ተብላ፣ በእርስዎ ትእዛዝ ክረምቱን ሙሉ እንደለበሰች ቆየች።

ሁለተኛ፣ ሞተሯ አቅም ማጣት ስትጀምር ስላደረጉላት ሕክምና እጅ እነሣለሁ። ቆማ ስትሠራ ምንም አይላትም፤ ነዳጅ ስሰጣት ግን ጥቁር ጭስ እየተፋች ትንቀጠቀጥና ትደክማለች። በመጀመሪያ ቤንዚኑ ውኃ አለበት አሉና ተደፋ። ካንዴላዋ በጥላሸት ጠቁሮ ስላገኘነው ተቀየረ፤ አዲሱም ወዲያው ጠቆረ። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የእኔ ክብደት ነው ብለው በሠራተኛ ስብሰባ ላይ ምሳ እንዳላበዛ ገሠጹኝ። በመጨረሻም ችግሩ ስንፍና መሆኑን ደረሱበት፤ ፈረስም ሲለግም ዳገቱን በእጅ ተስቦ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ልቡ ይመለሳል አሉኝ። ልብ የሌላትን ሞተር ልቧ እንዲመለስ ስጠብቅ ስንት ዝናብ እንደበላኝ እኔና ዳገቱ እናውቃለን።

ሦስተኛው አጭር ነው። አንድ ቀን ኃይለኛ ነፋስ ግላሱን ገልቦ ወንበሩ ላይ ጣለውና ሞተሯ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣችው። ጨርቁ ተመልሶ ሲወርድ እንደገና ታፈነች። ለካ የአየር ማስገቢያዋን የሸፈነው ያ የእርስዎ ጥልፍ ነው! እየሮጥኩ መጥቼ ስነግርዎ ጨርቁ ለምን ይገለባል ብለው ተቆጡና፣ ዳግመኛ ነፋስ እንዳይደፍረው ዙሪያውን በሽቦ አሳሰሩት። ማወቅና አለማወቅ የሰው ነው፤ ከነገሩት በኋላ በሽቦ ማሰር ግን የባለሥልጣን ነው።

አራተኛውን ስጽፍ ማሾፉ እየከበደኝ ነው፤ ቢሆንም በአክብሮት እቀጥላለሁ። ከመስቀል በኋላ፣ ወይዘሮ ስሜነሽ የተባሉ ልጆች የሚያሳድጉ የሙት ሚስት ስልክ ደወሉልኝ። ያለቻቸው አንዲት ላም እርጥብ የማገጥ ሣር በልታ ሆዷ ተነፍቶ ወድቃለች፤ ድረስልኝ አሉኝ። እንዲህ ያለችውን ላም ጎኗን ወግቶ ያፈናትን አየር ማስወጣት ለእኔ የዕለት ሥራ ነው፤ መድረስ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለሌላው ነው፤ የወይዘሮ ስሜነሽ ላም ግን ምድር ላይ ነበረች፣ ትታለብም ነበር። ሞተሯ ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ አለች። ገፋሁ። ደግሜ አስነሣሁ፣ ደግማ ታፈነች። በመጨረሻ ሽቦውን በመቆንጠጫ፣ የእርስዎን ግላስ በቢላዋ ቀድጄ ጣልኩና ሞተሯ ነፍስ ዘርታ በረረች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ስደርስ ላሚቱ ሞታለች። ወይዘሮ ስሜነሽ አልጮሁብኝም፤ ለልጆቹ ማታ ምን እንደምሰጣቸው ንገረኝ ብቻ አሉኝ። ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ፤ መልስ ካለዎት እባክዎ ይላኩላቸው።

በማግሥቱ የጽሕፈት ቤቱን ክብር በመቅደድ ጥፋት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስለሰጡኝና የተቀደደውን ግላስ በአስቸኳይ እንድተካ ስላዘዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ላሚቱ አንድም ቃል አለመተንፈስዎን ጥልቅ ኀዘን ነው ብዬ ተርጉሜዋለሁ።

ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ከእርስዎ በታች ያለነውም ትንፋሽ እንዳያጥረን እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ ጫማዎን እያየሁ የምሰናበትዎ፣

የመስክ ባለሙያዎ ደርበው

ግልባጭ፦ ላም ላለው ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ግላሱን እንድተካ ባዘዙት መሠረት ተክቻለሁ። ወይዘሮ ስሜነሽ የላሚቱን ቆዳ ለእርስዎ ይሁን ብለው ሰጥተውኛል፤ ሞተሯ ላይ አልብሼ ቢሮዎ በር ላይ አቁሜያታለሁ። ገና ስላልለፋ ትንሽ ይሸታል፤ ፎቶ ሲነሡ ግን አይታወቅም።